መልክአ ንብ ዘደጋ ሸዋ

ሰላም ለአንቺ፣ ከሰበታ በላይ በወጨጫ ጥድና ወይራ መካከል የምትሰፍሪ፣ ከገፈርሳ ዳር ለቡራዩ ቀፎዎች ውኃ የምትቀጂ፣ ውርጭ በማይራራለት በሱሉልታ ሜዳ የምትሰማሪ ንብ ሆይ! የጥንት ደራስያን ለቅዱሳን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር መልክእ ደረሱ፤ የአንቺን መልክእ ግን የደረሱት ማጉያ መነጽር የያዙ ሊቃውንት ናቸው።

ሰላም ለምላስሽ፣ በሚሊሜትር ክፍልፋይ ለተሰፈረው። ሰላም ለኋላ እግርሽ፣ ጭኑና ቅልጥሙ ለየብቻ ለተመዘገበው። ሰላም ለፊት ክንፍሽ፣ የጅማቱ ማዕዘን ሳይቀር ለተለካው። ሰላም ለሆድሽ ቅርፊት፣ በቆላ እኅቶችሽ ላይ ቢጫ ሆኖ በአንቺ ላይ ለጠቆረው።

ይህ ሁሉ ልኬት ግን በስምሽ ላይ አላስማማቸውም! ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 አፒስ ሜሊፌራ ብሎ የሰየመው ዘርሽ ከሰሜን አውሮፓ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ የተዘረጋ ነው፤ በውስጡ ያሉትን ንዑስ ዝርያዎች መለየት ነው ሊቃውንቱን ያከራከረ። የንብ ተመራማሪዎቹ ራድሎፍና ሄፕበርን በ1997 የአፍሪካ ቀንድን ንቦች ለሦስት ከፈሉ። በ2004 ደግሞ እነዚሁ ሁለቱ ከአምሳሉ በዛብህና ከኑሩ አድጋባ ጋር ሆነው የኢትዮጵያን ንቦች አምስት አደረጓቸው፦ ጀመኒቲካን ለደረቁ ቆላ፣ ስኩቴላታን ለምዕራብና ለደቡብ ወይና ደጋ፣ ሞንቲኮላን ለሰሜን ተራሮች፣ ወዪ ጋምቤላን ለደቡብ ምዕራብ ቆላ፤ ለአንቺም፣ ለመካከለኛው እርጥብ ደጋ እመቤት፣ ባንዳሲ የሚለውን ስም ሰጡ። ሰባት ዓመት ሳይዘል ማይክስነርና ባልደረቦቿ መጡና የኢትዮጵያን ንብ ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልለው ሲመንሲስ አሏት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሦስቱም ወገን አልዋሸም። ዓባይ በረሃና የሱሉልታ ብርድ በአንድ ቀን መንገድ በሚገናኙበት አገር፣ መንጋው በየወቅቱ አበባ ተከትሎ በሚሰደድበት፣ ገበሬውም ንብ ከነቀፎው ገዝቶ በሚያጓጉዝበት ምድር፣ ደም ከደም ይቀላቀላል፤ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ቀለሙ በጥቂት በጥቂቱ ይጠቁራል እንጂ እዚህ ላይ ያበቃል የሚባል አጥር የለውም። ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ሸገር ከተማ ብለን በአንድ አስተዳደር ማጠቃለላችንም ለአንቺ ምንሽም አይደለም።

ክረምቱ ሲወጣ ማገቱ ሜዳውን ይሸፍንልሻል፤ አደይ በየተረተሩ ይፈካል፤ ኋላም ባሕር ዛፉ ተራውን ይጠብቃል። ያን ጊዜ ከቡራዩ አልፎ በአምቦ መንገድ የሚገኘው የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ሊቃውንት መልክእሽን ያንብቡ፤ የዳር አገሩ ገበሬም ሰፈፍሽንና ማርሽን በልክ ይቁረጥ፣ ለእጭሽ ስንቅ ይተውልሽ።

እናንተም በሰበታና በሱሉልታ ማሳ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ የምትረጩ ሆይ፣ በአበባ ላይ አትርጩ፤ ግድ ከሆነም እመቤቲቱ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ሲመሽ ይሁን፤ ጎረቤታችሁ ንብ አናቢም ቀፎውን እንዲከድን አስቀድማችሁ ንገሩት።