የድል አድራጊው ልሳንና የፍርድ አደባባይ፤ ስለ ጥንታዊ የእንግሊዝ የሕግ ቃላት ሂሳዊ ዳሰሳ

የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የሚናገርባቸውን ቃላት ሥርወ ነገራቸውን እየተከተለ የሚመረምር ሰው፣ አብዛኞቹ ባሕር ተሻግረው የገቡ ሆነው ያገኛቸዋል። ሕግ የሚጠራበት «ሎው» የሚለው ቃል ራሱ ከሰሜን ከመጡት የዴንማርክ ሰዎች ልሳን የተወረሰ ሲሆን፣ ከሕግ ጥበቃ የወጣውን ሰው የሚሰይመው «አውትሎው»ም ምንጩ ከዚያው ነው፤ የመሐላ ዳኞችን ጉባኤ የሚያመለክተው «ጁሪ» እና እነርሱ የሚሰጡት ቃል «ቨርዲክት» ደግሞ የፈረንሳይኛ ልጆች ናቸው። እኔ እንደማምነው እነዚህ ቃላት የሥልጣን ታሪክ ምስክሮች ናቸው፤ ማን ፈራጅ ማን ተፈራጅ እንደ ነበረ፣ የተፈረደበትም ሰው የተፈረደበትን ነገር ይሰማ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ይናገራሉ።

መነሻው እንዲህ አልነበረም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ600 ገደማ የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት፣ ከሮም በተላከው በአውግስጢኖስ ስብከት ከተጠመቀ በኋላ ያወጣው ሕግ የተጻፈው ሕዝቡ በቤቱና በእርሻው በሚናገርበት ቋንቋ ነበር። ለምሳሌ «ወርጊልድ» ማለት «ወር» ሰው፣ «ጊልድ» ክፍያ ሆኖ የደም ካሳ ማለት ነው። አውራ ጣት ለተቆረጠበት 20 ሽልንግ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ለወለቀበት 3 ሽልንግ፣ ከአራቱ የፊት ጥርሶች አንዱ ለተሰበረበት 6 ሽልንግ ይከፈለው ዘንድ ሕጉ ያዝዛል። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚም ጠበቃም የሚያሻው ገበሬ አልነበረም።

በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም አገሩን ድል ነሥቶ ዘውድ ከጫነ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ለውጡንም ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየን ዛሬ የነፍስ ግድያን የሚያመለክተው «መርደር» የተባለው ቃል ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሞርዝ» ተሰውሮ የተፈጸመ ግድያ ነበር፤ ድል አድራጊዎቹ ይህን ቃል የላቲን ልብስ አልብሰው «ሙርድረም» አሉትና የቅጣት ገንዘብ መጠሪያ አደረጉት። ኖርማናዊ ተገድሎ ገዳዩ ያልተያዘ እንደ ሆነ፣ ሬሳው የወደቀበት «ሀንድረድ» የሚባለው ወረዳ ሕዝብ በሙሉ ከባድ መቀጫ ይከፍል ነበር። ከዚህም የሚብሰው የማስረጃው ሥርዓት ነው፤ ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ ሁሉ እንደ ኖርማናዊ ይቆጠር ስለ ነበር፣ ወረዳው ከዕዳ የሚድነው የሟቹ ዘመዶች ቀርበው በአባቱና በእናቱ ወገን እንግሊዛዊ መሆኑን ሲያስረዱ ብቻ ነበር። ሐዘንተኛው ገና ሬሳውን ሳይቀብር የሟቹን ዘር እንዲቆጥር መገደዱ፣ የሞተውም እንግሊዛዊ መሆኑ ሲረጋገጥ መቀጫው መቅረቱ፣ የሰው ነፍስ በዘር ተመዝና ዋጋ እንደ ወጣላት በግልጥ ያሳያል። የንጉሡ ገንዘብ ያዥ ሪቻርድ ፊትዝኒገል በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሁለቱ ወገኖች በጋብቻ ስለ ተደባለቁ ከጨዋው ሕዝብ መካከል ማን ምን እንደ ሆነ መለየት አዳጋች መሆኑን ጽፏል፤ መቀጫው ግን እስከ 1340 ድረስ አልተሻረም። መቀጫው ከቀረ በኋላ ስሙ ሳይጠፋ፣ ታስቦና ታቅዶ ለሚፈጸም ግድያ መጠሪያ ሆኖ ጸና።

በችሎት ፈረንሳይኛ፣ በመዝገብ ላቲን ሲሠራበት ከኖረ በኋላ፣ በ1362 በኤድዋርድ 3ኛ ዘመነ መንግሥት ሙግት በእንግሊዝኛ እንዲካሄድ ታወጀ፤ ምክንያቱም ባለጉዳዮቹ ስለ እነርሱና በእነርሱ ላይ የሚነገረውን አያስተውሉም የሚል ነበር። ዐዋጁ ራሱ ግን በፈረንሳይኛ ተጻፈ፤ መዝገቡም በላቲን መጻፉ ቀጠለና፣ ዘውዱ በተሻረበት በክሮምዌል ዘመን ለጥቂት ዓመታት ከመቋረጡ በቀር፣ እስከ 1733 ድረስ ቆየ።

ማንበብ ማወቅ ራሱ ከሞት የሚያድንበት ዘመንም ነበር። ካህን በዓለማውያን ዳኞች እንዳይቀጣ የተሰጠው መብት «የካህናት ጸጋ» ተብሎ ሲጠራ፣ የክህነት ማስረጃው በጊዜ ብዛት መጽሐፍ ማንበብ ብቻ ሆነ። የሚቀርበውም ንባብ በላቲኑም በእኛም ዳዊት 50ኛ ሆኖ የሚቆጠረው የንስሐ መዝሙር ስለ ነበር፣ ሕዝቡ «የአንገት ጥቅስ» ብሎ ሰየመው፤ ፊደል ያልቆጠረውም በቃሉ አጥንቶ አንገቱን ከገመድ ያተርፍበት ነበር። ባለ ቅኔውና የተውኔት ደራሲው ቤን ጆንሰን በ1598 ሰው ገድሎ በዚህ መብት ከስቅላት ዳነ፤ መብቱ ሁለተኛ እንዳያገለግለው ግን አውራ ጣቱ በጋለ ብረት ተተኰሰ። ሥርዓቱ በ1827 ተሻረ። ነፍስን በፊደል ዕውቀት መለካት፣ ምሕረት ተብሎ ቢጠራም፣ በእኔ ፍርድ ከሙርድረም የሚሻል አድልዎ አይደለም።

ሌላው የሕግ ቃል «ዲዮዳንድ» ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ማለት ነው፤ ሰው የገደለው ሠረገላ፣ ፈረስ ወይም ምሰሶ ለምጽዋት ይውላል ተብሎ በንጉሡ ስም ይወረስ ነበር፤ የሟቹ ልጆች ግን ከዚያ የሚደርሳቸው መብት አልነበራቸውም። ዘመኑ የባቡር ዘመን በሆነ ጊዜ ይህ ጥንታዊ ሥርዓት ሳይታሰብ ነቃ። በ1841 በገና ዋዜማ በሶኒንግ መንደር አጠገብ የተናደ አፈር ባቡሩን አናግቶ በክፍት ሠረገላ የተሳፈሩ ድኆች መንገደኞችን በገደለ ጊዜ፣ የአሟሟቱን ነገር ያጣሩት ዳኞች በሞተሩና በሠረገሎቹ ላይ 1,000 ፓውንድ ዲዮዳንድ ጣሉ። የባቡር ኩባንያዎቹ ኀይል በበረታበት በዚያ ዘመን፣ በ1846 ፓርላማው ዲዮዳንድን ሻረ፤ በዚያው ዓመት ባወጣው ሌላ ሕግም በሌላው ጥፋት ለሞተ ሰው ሚስት፣ ባል፣ ወላጅና ልጅ ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጠ።