አጥንትና ጡንቻ በአንድ ውርስ ይመራሉን?
ስለ ጋራ የዘር ተፅዕኖ በቀረቡ ጥናቶች ላይ የተደረገ ሂሳዊ ግምገማ

መነሻ

በአጥንትና በጡንቻ መካከል ያለው ዝምድና ለሕክምና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ጡንቻው የሰለለ አረጋዊ አጥንቱም የሳሳ ሆኖ መገኘቱ፣ ሰውነቱ የዳበረ ወጣት ደግሞ ጠንካራ አጥንት ያለው መሆኑ የዘወትር ገጠመኝ ነው። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ግን ይህ ዝምድና በአመዛኙ ከጋራ የዘር ውርስ የመነጨ ነው የሚለው አስተሳሰብ በምርምር ጽሑፎች ውስጥ እየጎላ መጥቷል። አንዱ ጂን በአንድ ጊዜ በአጥንት ቅርጽም በጡንቻ ብዛትም ላይ ተፅዕኖ ያሳድራል ማለት ነው፤ በሙያው ቋንቋ «ፕሊዮትሮፒ» የሚባለው ይኸው ነው።

የዚህ ግምገማ ዓላማ ሐሳቡን ማጣጣል ሳይሆን ማስረጃው እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ፣ የት ላይ እንደሚቆምና በመቀሌም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል በሽተኛ ለሚያይ ባለሙያ ምን ትርጉም እንዳለው መመርመር ነው።

የጥናቶቹ ብርታት

ሐሳቡ ጽኑ መሠረት አለው። በሰዎች መካከል ከሚታየው የአጥንት ማዕድን ጥግግት ልዩነት ከ50 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው በውርስ እንደሚገለጽ የመንትዮችና የቤተሰብ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲማንና ባልደረቦቹ በሴት መንትዮች ላይ ያደረጉት ጥናት የጡንቻ ብዛትና የአጥንት ጥግግት አብረው የሚጨምሩት የሰውነትን መጠን በሚቆጣጠሩ ጂኖች አማካይነት ሳይሆን እንደማይቀር ደመደመ። በ2009 ካራሲክና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የፍራሚንግሃም ቤተሰቦች ላይ ያቀረቡት ሥራ ደግሞ የጭን አጥንት አንገት ቅርጽና የእግር ጡንቻ ብዛት በከፊል የጋራ የዘር ተፅዕኖ እንዳለባቸው አመለከተ። በ2017 ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተ የጂኖም ጥናት ሁለቱን ባሕርያት በአንድነት መርምሮ ኤስ.አር.ኢ.ቢ.ኤፍ.1 በሚባለው ጂን አካባቢ የጋራ ምልክት አገኘ።

የእንስሳት ሙከራዎችም ይህን ይደግፋሉ። በ1997 ማዮስታቲን የተባለው የጡንቻ ዕድገት ገቺ ጂን የጠፋባቸው አይጦች ጡንቻቸው እጅግ ሲገዝፍ ታየ፤ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች የእነዚሁ አይጦች አጥንትም እንደጠነከረ አረጋገጡ።

የጥናቶቹ ትልቁ ውለታ ቀድሞ ለየብቻ ይታዩ የነበሩትን ሁለት ሕብረ ሕዋሳት በአንድ ጥያቄ ሥር ማምጣታቸው ነው። የአጥንት መሳሳትንና የጡንቻ መመንመንን እንደ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች የማየት ልማድ በእነርሱ ተናግቷል።

የልኬትና የትርጓሜ ችግር

ይሁን እንጂ ሁለት ባሕርያት በስታቲስቲክስ አንድ የዘር ምንጭ ይጋራሉ መባሉ አንድ ጂን በሁለቱም ላይ በቀጥታ ይሠራል ማለት አይደለም። የማዮስታቲን ምሳሌ ራሱ ይህን ጥርጣሬ ያስነሳል። ጡንቻ በገዘፈ መጠን አጥንትን በብርቱ ይስባል፤ አጥንትም ለሚደርስበት ጫና ራሱን እያስተካከለ ይጠነክራል። እንዲህ ከሆነ ጂኑ የሠራው በጡንቻ ላይ ብቻ ሲሆን አጥንቱ የተለወጠው በተከታይነት ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። መንገዱ በጡንቻ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ጡንቻን የሚያዳብር ማንኛውም ነገር፣ እንቅስቃሴና ምግብ ጭምር፣ በዚያው መንገድ ወደ አጥንት ይደርሳል።

ሁለተኛው ችግር ከመለኪያው ይመነጫል። አብዛኞቹ ጥናቶች የተመሠረቱት ዴክሳ በሚባለው የራጅ መሣሪያ ላይ ነው። መሣሪያው «ጡንቻ» ብሎ የሚያቀርበው ስብና ማዕድን ያልሆነውን ለስላሳ አካል በሙሉ ሲሆን ውኃና የውስጥ አካላትም በዚሁ ይቆጠራሉ። የአጥንት ጥግግትንም የሚለካው በስፋት እንጂ በይዘት ስላልሆነ ትልቅ አጥንት ያለው ሰው ጥቅጥቅ አጥንት ያለው መስሎ ይታያል። ስለዚህ ረጅምና ግዙፍ ሰው በሁለቱም መለኪያዎች ከፍ ብሎ ይገኛል። በ1996ቱ ጥናት «የሰውነትን መጠን የሚቆጣጠሩ ጂኖች» የተባለው በዚህ ዓይን ሲነበብ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፦ የጋራው ነገር ምናልባት የአጥንትና የጡንቻ ምስጢር ሳይሆን ቁመት ነው።

የውርስ መጠን ማለት ምን ማለት ነው?

ከሁሉ በላይ ለስሕተት የሚያጋልጠው «የውርስ መጠን» የሚለው አገላለጽ ነው። የአንድ ባሕርይ የውርስ መጠን 60 በመቶ ነው ሲባል በአንድ ማኅበረሰብ፣ በአንድ ዘመን፣ በዚያ አካባቢ ኑሮ ውስጥ ከታየው ልዩነት ይህን ያህሉ በዘር ይገለጻል ማለት ነው። የአንድ ግለሰብ አጥንት 60 በመቶው ከወላጆቹ መጣ ማለት አይደለም፤ ሊለወጥ አይችልም ማለትማ ፈጽሞ አይደለም።

ለዚህ ከአገራችን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ፖዶኮኒዮሲስ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጠና የውርስ መጠኑ 63 በመቶ ያህል ሆኖ በ2007 ታተመ። በ2012 ደግሞ በሽታው ኤች.ኤል.ኤ. ከሚባሉት ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ ተረጋገጠ። ሆኖም በሽታውን የሚከላከለው ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። በዘር የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም።

ሌላው ትምህርት ከአዲስ አበባ ይገኛል። በ1997 በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገ ጥናት በሳንባ ምች ከተኙ 500 ሕፃናት 210ሩ፣ ከንጽጽር ቡድኑ 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ የሪኬትስ ምልክት እንዳለባቸው አሳየ። የቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንትን ያለሰልሳል፤ ጡንቻንም ያደክማል። አጥንትና ጡንቻ በአንድነት ተጎድተው የተገኙት ያለ አንዳች የዘር ጉድለት፣ ከፀሐይና ከምግብ እጦት የተነሣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በአንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች ጂን ብቻ ሳይሆን ማዕድና የፀሐይ ብርሃንም ይጋራሉ። የቤተሰብ ጥናት ይህን ካልለየ የጋራ ኑሮን የጋራ ዘር ብሎ ሊመዘግበው ይችላል።

የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው፣ በትግራይ 39 በመቶው፣ በአማራ 46 በመቶው ቀንጭረው እንደነበር አሳይቷል። ከዚያ በኋላ፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ምግብና መድኃኒት በበቂ ሳይደርሳቸው የቆዩ እናቶችና ሕፃናት ብዙ ናቸው። በእነዚህ ሕፃናት ላይ ነገ የሚታይ የአጥንትና የጡንቻ ማነስ በምግብ ከጠገበ ማኅበረሰብ በተገኘ የውርስ ቁጥር ቢተረጎም ረሃብ ያደረሰውን ጉዳት ለዘር ማሸከም ይሆናል።

የማን ጂን?

በ2019 የወጣ ግምገማ እንዳመለከተው በዓለም ላይ በተደረጉ የጂኖም ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 78 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ አፍሪካውያን 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ከአጥንት ጥግግት ጋር የሚያያዙ 518 የጂኖም ቦታዎችን የዘረዘረው ታላቅ ጥናት 426,824 ሰዎችን ቢያካትትም ሁሉም በእንግሊዝ የሚኖሩ ነጮች ነበሩ። በአፍሪካ ምድር ያለው የዘር ልዩነት ከሌላው ዓለም የሰፋ በመሆኑ ይህ ጉድለት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ጉዳዩን የሚያሳየው ኤ.ሲ.ቲ.ኤን.3 የተባለው የጡንቻ ጂን ነው። ከሁለቱም ወላጅ የማይሠራውን ቅጂ የወረሱ ሰዎች በኬንያና በናይጄሪያ 1 በመቶ ያህል ሲሆኑ በኢትዮጵያ 11 በመቶ ያህል መሆናቸው በ2007 ታትሟል። ይኸው ጥናት በኢትዮጵያውያን ሯጮችና በሌላው ሕዝብ መካከል በዚህ ጂን ረገድ ልዩነት አላገኘም። ስለ «ሯጭ ጂን» የሚነገረው ሁሉ በዚህ ረገድ መሠረት አጣ ማለት ነው። በ2011 ደግሞ የዚህ ጂን ፕሮቲን አለመኖር ከአጥንት ብዛት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ በሰውና በአይጥ ታየ። ሁለቱን ግኝቶች ደርቦ «ከኢትዮጵያውያን ከመቶ 11ዱ ደካማ አጥንት አላቸው» ማለት ለችኩል አንባቢ ይቀለዋል፤ ግን አያስኬድም። የእግር ጉዞ፣ ሸክም፣ ምግብና ከፍታ በሚለያዩበት አገር የጂኑ ክብደትም ይለያያልና።

ለሥራ ምን ይጠቅማል?

በመቀሌ ሮማናት አደባባይ አጠገብ አንዲት የ70 ዓመት እናት አዳልጧቸው ወደቁ፣ የጭን አጥንታቸው አንገትም ተሰበረ እንበል። ወላጃቸው በተመሳሳይ ስብራት ተጎድተው እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የወላጅ የዳሌ ስብራት የታወቀ የተጋላጭነት ምልክት ነውና። ነገር ግን መልሱ «አዎ» ቢሆንም ምርመራው እዚያ ላይ አያበቃም። ከስብራቱ በፊት እጃቸውን ሳይደገፉ ከወንበር መነሣት ይችሉ ነበርን? ምን ይመገባሉ? ፀሐይ ያገኛሉን? ስቴሮይድ ወስደው ያውቃሉን? ቀድሞስ ወድቀው ነበርን? የጋራ ውርስ ጥናቶች በእርግጥ የሚያስተምሩት አጥንቱን ጠግኖ ጡንቻውን መርሳት ግማሽ ሕክምና መሆኑን ነው። ይህን ለመፈጸም የጂን ምርመራ አያስፈልግም፤ ወንበር፣ ሰዓትና ጥያቄ በቂ ናቸው።

ማጠቃለያ

አጥንትና ጡንቻ የዘር ተፅዕኖ ይጋራሉ የሚለው ግኝት እውነተኛ ነው፤ መጠኑና መንገዱ ግን ገና አከራካሪ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ሲሻገርም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። «በዘራቸው ነው» የሚለው ቃል በካርድ ላይ ሲጻፍ ሊታከም የሚችለውን ጉዳት እንዳይሸፍን መጠበቅ የባለሙያው ኃላፊነት ነው።