የመሬት አጠቃቀምና የአፈር ካርቦን፤ በጉዎና በጊፎርድ ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሒስ

ጉዎና ጊፎርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ግሎባል ቼንጅ ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ፣ ስለ አፈር ካርቦን በተነሣ ቁጥር ይጠቀሳል። ጸሐፊዎቹ በ74 ጽሑፎች ተበታትኖ የነበረውን ውጤት ሰብስበው በአንድነት አቀረቡ። እንደ እነርሱ ስሌት፣ የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ ሲታረስ የአፈሩ ካርቦን 42 በመቶ፣ የግጦሽ መሬት ሲታረስ ደግሞ 59 በመቶ ይቀንሳል። የታረሰው መሬት ተመልሶ ደን ሲለብስ ግን 53 በመቶ ይጨምራል።

የጽሑፉ ትልቁ ጥቅም የተለመደውን አስተሳሰብ መፈተኑ ነው። ዛፍ በበዛበት ሁሉ ካርቦን ይበዛል ብለን የምናስብ ብዙዎች ነን። ዳሩ ግን በተፈጥሮ ደን ቦታ ዛፍ ሲተከል ካርቦኑ 13 በመቶ ሲቀንስ፣ ደኑ ግጦሽ ሲሆን 8 በመቶ እንደሚጨምር ጸሐፊዎቹ አሳይተዋል። የሣር ሥር በብዛት በአፈር ውስጥ እየበቀለ እዚያው ስለሚበሰብስ ነገሩ የማይታመን አይደለም። ሆኖም ከብት የረገጠው አፈር ይጠቀጠቃል፤ በእኩል ጥልቀት ሲቆፈርም ከደኑ አፈር የበለጠ ክብደት ይወጣል። ስለዚህ 8 በመቶን የመሰለ ትንሽ ልዩነት በእኩል የአፈር ክብደት ካልተነጻጸረ በቀር ሊያሳስት ይችላል።

ዋናው ጉድለት ግን በአመዳደቡ ላይ ነው። «እርሻ» ወይም «የተተከለ ዛፍ» የሚለው ስም በመሬቱ ላይ የበቀለውን እንጂ ከመሬቱ የሚወሰደውን አይነግረንም። ጽሑፉ ሰፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች በደን ወይም በግጦሽ ቦታ ቢተከሉ የአፈሩን ካርቦን እንደማይለውጡ ይናገራል። ባሕር ዛፍ ከነዚህ ወገን ነው፤ ነገር ግን በአገራችን ቅጠሉ ተጠርጎ ለእንጀራ ምጣድ ይሄዳል። የእርሻውም ጭድ ለከብት፣ የከብቱም ኩበት ለምድጃ ይውላል። ስለዚህ ገለባው በማሳው ከሚቀርበት እርሻ ጋር በአንድ ስም መመደቡ ትክክል አይመስለኝም።

ማነጻጸሪያውም ጥንቃቄ ይሻል። የቤተ ክርስቲያን ደንና አጎራባቹ ማሳ ሲነጻጸሩ አፈራቸው አስቀድሞ አንድ ነበር ተብሎ ይታሰባል። ይሁንና ቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ በጉብታ ላይ ትሠራለች፤ ገበሬም አስቀድሞ የሚያርሰው ለሙን ሜዳ ነው።

ጸሐፊዎቹ ራሳቸው መደምደሚያቸው ወደ ፊት ሊፈተን የሚገባው መላ ምት መሆኑን ስለ ገለጹ፣ ወቀሳው ይበልጥ የሚያርፈው ቁጥሩን እንደ ሕግ በምንጠቅስ ላይ ነው። አንድ ቀበሌ ተራራውን ከከብት እንዲከልል ሲጠየቅ የሚያጣው የከብቱን መኖ ነው። የሚከለለው መሬት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተራቆተ ግጦሽ እንጂ እርሻ ስላልሆነ፣ 53 በመቶ ብሎ ተስፋ መስጠት ያለ ቦታው መጥቀስ ነው። ስለዚህ ናሙና የሚወስድ ተማሪ ከካርቦኑ መጠን ጋር የአፈሩን ጥልቀትና ክብደት፣ የመሬቱን ያለፈ ታሪክ፣ በየዓመቱም ከመሬቱ የሚወሰደውን ሁሉ ሊመዘግብ ይገባዋል።