ተመስጦና ቤተ ሙከራ

የሰውን አእምሮ ከውስጥ የሚመለከተው የተመስጦ ልምምድና ከውጭ በመሣሪያ የሚለካው ሳይንስ ለረጅም ዘመን ተራርቀው ቢኖሩም፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በሰሜን ሕንድ በምትገኘው ዳራምሳላ የተካሄደው ጉባኤ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አቀራርቧቸዋል። የቲቤት ቡድሂስቶች መንፈሳዊ መሪ ዳላይ ላማ፣ ቺሊያዊው የነርቭ ሳይንስ ሊቅ ፍራንሲስኮ ቫሬላና አሜሪካዊው የሕግ ባለሙያ አዳም ኤንግል የዚህ ጅማሬ መሥራቾች ናቸው።

ቫሬላ እ.ኤ.አ. በ1996 ኒውሮፌኖሜኖሎጂ ብለው የሰየሙት ዘዴ፣ ማለትም ሰው ስለ ውስጣዊ ልምዱ በጥንቃቄ የሚሰጠውን መግለጫ ከአንጎሉ ከሚመዘገበው መረጃ ጋር እያስተያዩ የማጥናት ስልት፣ በተለይ ሊደነቅ የሚገባው ተመስጦን የሚለማመደውን መነኩሴ ተመርማሪ ብቻ ሳይሆን የገዛ ልቡናውን ለመመልከት የሠለጠነ የምርምር አጋር ስለሚያደርገው ነው።

አንትዋን ሉትስ፣ ሪቻርድ ዴቪድሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት፣ ከ10,000 እስከ 50,000 ሰዓት በተመስጦ ያሳለፉ 8 ቡድሂስቶች ስለ ርኅራኄ ሲያሰላስሉ፣ ጋማ የተባለው ፈጣን የአንጎል ኤሌክትሪካዊ ሞገድ ለንጽጽር ከተጠኑ ጀማሪዎች ይልቅ እጅግ ጎልቶ እንደታየባቸው አመልክቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑና ልዩነቱ ከልምምድ ይምጣ ከተፈጥሮ በዚህ ብቻ መለየት ስለማይቻል ውጤቱ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ይሁን እንጂ መንፈሳዊ ትውፊት በማስረጃ ለመፈተን ፈቃደኛ የሆነበት፣ ሳይንስም ሰው በራሱ ውስጥ የሚያስተውለውን እንደ ዕውቀት ምንጭ የተቀበለበት ይህ የጋራ ትሕትና ከየትኛውም የተናጠል ግኝት የሚበልጥ ትሩፋት ነው።