ከኋለኛው ዴስክ

የመምህርን ሙያ ለማሻሻል በአገራችን የተደነገገው ሥርዓት በጽሑፍ ሲታይ የሚነቀፍ አይደለም፤ እያንዳንዱ መምህር በየዓመቱ ከ60 ያላነሰ ሰዓት ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እንዲያውል፣ አዲስ ተቀጣሪውም በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ከነባር መምህር ሥር ሆኖ እንዲለማመድ፣ ጎረቤታሞች ትምህርት ቤቶችም በጉድኝት ማእከል ተሰባስበው ልምድ እንዲለዋወጡ ያዝዛል። ነገር ግን በዞብል ተራሮችና በምዕራቡ ደጋ መካከል በተዘረጋው በዚህ በራያ ቆቦ ሜዳ፣ መጀመሪያ በመምህርነት፣ ኋላም በሱፐርቫይዘርነት ስመላለስ እንደ ታዘብሁት፣ በአጭሩ ተሙማ የምንለው ይህ ሥራ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚፈጽመው በፋይል ውስጥ ነው፤ ዕቅዱ ይጻፋል፣ ፊርማው ይሟላል፣ ማኅደረ ተግባሩ ይወፍራል፣ የዘንድሮው ትምህርት ግን ከአምናው አይለይም።

ለዚህ ምክንያቱ የመምህራን ስንፍና ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። ምክንያቱ ይልቁንም የምንመለከተውን ነገር አለመምረጣችን ይመስለኛል። የክፍል ምልከታ ሲደረግ ተመልካቹ ቅጹን ይዞ ከኋላ ይቀመጥና ዓይኑን በመምህሩ ላይ ይተክላል፤ የትምህርት ዕቅድ ይዟልን፣ መርጃ መሣሪያ ተጠቅሟልን፣ ተማሪዎችን በቡድን አደራጅቷልን እያለ ነጥብ ይሰጣል፤ በዚያው ሰዓት ከጎኑ የተቀመጠው ሕፃን በደብተሩ ላይ ምን እንደሚጽፍ ግን ዘወር ብሎ አያይም።

ከቆቦ ከተማ ወጣ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ በ4ኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሆነውን ልንገር። መምህሩ በሙያው የሸመገለ፣ ጽሕፈቱ ያማረ፣ ድምፁም እስከ ኋለኛው ዴስክ የሚደርስ ሰው ነበረ፤ ስለ ክፍልፋይ አስተምሮ «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ በአንድ ቃል «አዎ!» አለ፤ በእኛ ቅጽ ቢመዘን ነጥቡ ከፍ ያለ ነበር። ከኋላ የተቀመጠችው ወጣት ባልደረባው ግን በአጠገቧ የነበሩትን ደብተሮች ስታይ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም አንድ ሦስተኛ ከአንድ ሁለተኛ ይበልጣል ብለው ጽፈው አገኘች። ከትምህርቱ በኋላ በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ሦስታችን ስንቀመጥ መምህሩ ተቆጣ፤ «ይህን ሁሉ ለፍቼ!» አለ። እርሷም ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ልጆቹ እኮ ያለ ምክንያት አልጻፉትም፤ 3 ከ2 ይበልጣል ብለው ነው» አለችው። ይህች አንዲት ቃል ከብዙ ሥልጠና የበለጠች ሆና ታየችኝ፤ ስሕተቱ የራሱ ሥርዓት እንዳለው፣ በተግሣጽም ሆነ ያንኑ ቃል ደጋግሞ በመናገር እንደማይነቀል አሳይታለችና።

በማግስቱ መምህሩ ጥያቄውን ለውጦ፣ በሰው ማሳ ላይ ማሽላ የዘራ አራሽ ከምርቱ እኩሌታውን ቢወስድ ይሻለዋል ወይስ ሲሶውን ብሎ ቢጠይቅ፣ ልጆቹ እንዲህ ያለ ነገርም ይጠየቃልን በሚል ሳቅ ተቀበሉት፤ በቤታቸው ሲነገር የሰሙት ነገር ነውና። ሲሶ የተባለው ያው አንድ ሦስተኛ መሆኑን በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ሲጽፍላቸው ብዙዎቹ ሳይታዘዙ የትናንቱን መልስ ሰረዙ። ምሳሌው ግን ሁለት አምስተኛ ላይ ሲደርስ ነጠፈ፤ በሁለት አምስተኛ የሚያርስ ሰው የለምና! ከዚያ ወዲያ ገመድ አጣጥፎ መቁረጥ ግድ ሆነ።

የተማሪውን ስሕተት እያደመጡ የማስተማር መንገድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከቆቦ በስተ ደቡብ ምዕራብ ዳገቱን ወጥቶ የሚገኘው ዋድላ፣ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ አገር ነው፤ በቅኔ ጉባኤ ደቀ መዝሙሩ የቆጠረውን ቅኔ በቃሉ ይነግራል፣ መምህሩም ሰምቶ ያርማል፤ የገፋውም ተማሪ የራሱን ወንበር ሳይዘረጋ አስቀድሞ አስነጋሪ ሆኖ የታናናሾቹን ቅኔ ያደምጣል። የጉባኤ ቤቱን ዱላና ረኃብ በናፍቆት ለማስጌጥ አልሻም፤ ይሁን እንጂ መምህር የሚሆነው ሰው አስቀድሞ የሌላውን ስሕተት በማድመጥ እንዲሠለጥን ማድረጉ ታላቅ ጥበብ ነው። በ1997 ዓ.ም. ግድም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከለው፣ ትምህርት በቴሌቪዥን የሚያሠራጨው ፕላዝማ በአንጻሩ ብዙ መናገር የሚችል፣ ምንም መስማት ግን የማይችል መምህር ነበረ፤ ተማሪው ሲደናገር ቆሞ አይጠይቅም፣ የክፍሉም መምህር ሥርጭቱን አቋርጦ ለማስረዳት ፋታ አያገኝም።

ችግሩን አላቃልልም። ከ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ ጦርነት ቆቦን ደጋግሞ ሲጎበኛት ትምህርት ቤቶቻችን ብዙ ንብረት አጥተዋል፤ ማሽላው ሲያሸት ልጆቹ ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ስለሚጠብቁ ክፍሉ ይሳሳል፤ የመምህሩም ደመወዝ ከወር ወር ስለማያደርሰው ትርፍ ሰዓቱን ለሌላ እንጀራ ቢያውለው አልፈርድበትም። ስለዚህ ሌላ ስብሰባ ይጨመር አልልም። 60ው ሰዓት ለ10 ወር ቢከፈል በወር 6 ሰዓት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ፣ በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የጠዋቱ መምህር በከሰዓቱ ባልደረባው ክፍል አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ፣ ወዲያው በዚያው ዕለት ሁለቱ በደብተሮቹ ላይ እንዲነጋገሩ ይበቃል። የግንቦት ከሰዓት ግን ይቅር፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር በዚያ ሐሩር የሚያስተምረውም የሚመለከተውም አይጠቀምም።

በእኛ ጉድኝት በምልከታው ቅጽ ግርጌ «የትኛው ተማሪ፣ በምን አሳብ ተሳሳተ?» የሚል መስመር ጨምረናል። አንድ ርእሰ መምህር ወረዳው የሚጠይቀው ነጥብ ነው ብሎ ተከራከረ፤ እውነቱን ነው፣ ነጥቡንም ሞልተን እንልካለን። የግርጌውን መልስ ግን ለወረዳ አንልክም፤ ያንኑ ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ለሚረከበው መምህር በእጁ እንሰጠዋለን።