ምክንያቱ ሲታወቅ ነውሩ ይጠፋል? ሱዛን ሶንታግን ከቫይረሶቹ ጋር ማንበብ

አማርኛ ለሁለት በሽታዎች አንድ ስም ይሰጣል። ቲቢው «የሳንባ ነቀርሳ» ነው፤ ካንሰሩም «ነቀርሳ» ነው። «ነቀርሳ አለብህ» የተባለ ሰው የሚጠብቀው የስድስት ወር መድኃኒት ይሁን ሌላ ነገር፣ መልሶ መጠየቅ አለበት። ለሱዛን ሶንታግ «ኢልነስ አዝ ሜታፈር» ግን ይህ መደናገር ጥሩ መግቢያ ነው። በ1978 (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የታተመችው ይህች ቀጭን መጽሐፍ የምታወዳድረው እነዚህኑ ሁለቱን ነው፤ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቲቢና የ20ኛውን ካንሰር። በአውሮፓም ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ሲደበላለቁ ኖረው ቁርጥ ያለ ድንበር የተሰመረላቸው በ1882 የቲቢ ባክቴሪያ ሲገኝ እንደሆነ ሶንታግ ታስታውሰናለች። እኛ ቃሉን እስከ ዛሬ አልለየነውም።

ሶንታግ በ1975 የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ነበር። መጽሐፏ ውስጥ ግን ስለ ራሷ ሕመም አንዲት መስመር የለችም። ምስክሮቿ ኪትስ፣ ካፍካ፣ የቶማስ ማን ሳናቶሪየምና የቶልስቶይ ኢቫን ኢሊች ናቸው። ሙግቷ ባጭሩ ይህ ነው፦ በሽታን በተለዋጭ ዘይቤ ስናወራ በበሽተኛው ላይ ሌላ ሸክም እንጭናለን። ቲቢ ስሜተ ስስ የሆነ ሰው፣ የባለቅኔ ሕመም ተባለ። ካንሰር ደግሞ ስሜቱን አፍኖ፣ ቂሙን ውጦ የኖረ ሰው ዕጣ ሆነ። ስለዚህ ካንሰር የያዘው ሰው ታሞም ጥፋተኛ ነው። ይህ ክፍል ዛሬም ሲነበብ አጥንት ድረስ ይገባል። «ብስጭት ነው የገደላት» የሚል ነገር ለቅሶ ቤት ሰምቶ የማያውቅ አበሻ ካለ እጁን ያውጣ።

ጠቤ ከዚህ ቀጥሎ ካለው ጋር ነው። ለዘይቤ የሚመቸው ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ነው ትላለች። የቲቢ ምንጩ ሲታወቅና መድኃኒቱ ሲገኝ ቅኔው ረገፈ፤ ካንሰርም ተራው ሲደርስ እንዲሁ ይሆናል። አልፋም ሄዳ «ካንሰር ብዙ ምክንያት ያለው በሽታ ነው» የሚለውን አነጋገር ትጠረጥረዋለች። ብዙ ምክንያት መደርደር ለሷ አለማወቅን በጨዋ ቋንቋ መሸፈን ነው፤ የሥነ ምግባር ወቀሳም ሾልኮ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። በቫይረስ የሚመጡ ካንሰሮች ጥናት የሄደበት መንገድ ግን ይህን ሐሳብ ሁለት ጊዜ ገልብጦታል። አንደኛ፣ ምክንያቱ መታወቁ ራሱ ነውር የወለደበት ጊዜ አለ። ሁለተኛ፣ ወቀሳውን የሚያቀልለው ያ የተናቀው «ብዙ ምክንያት» ሆኖ ተገኘ።

ኤድስ ወደ ዓለም የመጣው የካንሰር ልብስ ለብሶ እንደነበር ብዙዎቻችን እንረሳለን። በ1981 ሐምሌ ላይ ከኒው ዮርክና ከካሊፎርኒያ የተሰማው ወሬ የካፖሲ ሳርኮማ ወሬ ነበር። ወይን ጠጅ መልክ ያለው የቆዳ እብጠት ሲሆን፣ ሞሪትስ ካፖሲ በ1872 ቪየና ላይ ከጻፈለት ጊዜ ጀምሮ በአብዛኛው የሽማግሌ በሽታ ተብሎ ይታወቅ ነበር። አሁን ግን ወጣት ወንዶች ላይ ወጣ፤ ሰዎችም «የግብረ ሰዶማውያን ካንሰር» አሉት። ኤችአይቪ የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ምልክቱ ፊት ላይ ስለሚወጣ ጎረቤት ከሐኪሙ ቀድሞ ያነበዋል። አገራችን ውስጥ ይህን ሥራ የሠራው አልማዝ ባለጭራ ነበር። በልጅነት ገብቶ ነርቭ ውስጥ የተኛ ቫይረስ የመከላከል አቅም ሲደክም ይነሳል፤ በእርጅና ብቻም ሊነሳ ይችላል። በዚያ በክፉው ዘመን ግን ግንባሩ ላይ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሶለት ነበር።

ሶንታግ በ1989 «ኤይድስ ኤንድ ኢትስ ሜታፈርስ» በሚል ሁለተኛ ድርሰት ተመለሰች። የኤድስ ዘይቤ ሁለት ዘር አለው ትላለች፤ ሰውነት ውስጥ የሚያደርገው ሲነገር እንደ ካንሰር «ወረራ» ነው፣ መተላለፉ ሲነገር እንደ ቂጥኝ «ርኩሰት»። ይህ በጣም ጥሩ ንባብ ነው። ግን ሁለቱን በሽታዎች በአንድ ጥያቄ ትለያቸዋለች። የካንሰር በሽተኛ «ለምን እኔን?» ይላል፤ የኤድስ በሽተኛ ግን ከየት እንዳመጣው ያውቃል፣ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ከሰሃራ በታች ያለውን አፍሪካ በአንዲት ሐረግ ለይታ ታልፈዋለች። ይህን ሳነብ ሁሌ ትንሽ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም «ለምን እኔን?» ለሚለው ጥያቄ የቫይረሱ ዘመን መልስ የጀመረው እዚያ በታለፈው አፍሪካ ነው።

ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል። ዴኒስ በርኪት የሚባል አየርላንዳዊ ቀዶ ጠጋኝ በ1957 መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናት አየ፤ በ1958 ጻፈ። ከዚያ በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በመኪና ተነስቶ ከኡጋንዳ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞረ። የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነው፤ «እንዲህ ያለ ልጅ አይታችኋል?» የሰበሰበውን ካርታ ላይ ሲያኖረው እብጠቱ ሙቀትና ዝናብ ያለበትን፣ ማለትም የወባን አገር ተከትሎ ተገኘ። ለንደን ላይ ንግግሩን የሰማው አንቶኒ ኤፕስታይን ናሙና እያስላከ መረመረ። በ1964 ከባልደረቦቹ ከአቾንግና ከባር ጋር ቫይረሱን በማይክሮስኮፕ አየው። ኤፕስታይን-ባር የሚባለው ይህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ለሶንታግ ሙግት ከሁሉ ይከብዳል። ይህ ቫይረስ በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከመቶ ከዘጠና በሚበልጡት ውስጥ አለ። በምራቅ ይተላለፋል፤ እኔም እርስዎም ሳንሸከመው አንቀርም። ታዲያ ለምን ያ ልጅ ብቻ? ወባ ደጋግማ የመከላከል አቅሙን ስላናጋችው ነው፤ ሴሉ ሲባዛ አንድ የክሮሞሶም ቁራጭ ቦታውን ስለሳተም ነው፤ ዕድልም አለበት። በ1975፣ ሶንታግ ካንሰሯን ባወቀችበት በዚያው ዓመት፣ ዴቪድ ፑርቲሎ ወንዶች ልጆቹ በዚሁ ተራ ቫይረስ የሚያልቁበትን ቤተሰብ ታሪክ አሳተመ። ከእናት የወረሱት የዘር ጉድለት ቫይረሱን ልጓም ማስያዝ ነስቷቸው ነበር። የካፖሲንም ቫይረስ ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር በ1994 ሲያገኙት ነገሩ ያው ሆነ፤ ቫይረሱ አለ፣ ካንሰሩ ግን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጠባቂው ሲደክም ነው። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎችም ይይዛቸዋል፤ የተተከለውን እንዳይጥል ተብሎ የመከላከል አቅማቸው በመድኃኒት ስለሚቀነስ። መድኃኒቱ ሲቀየር ወይም ሲቀነስ እብጠቱ አንዳንዴ ይከስማል። ይህ ሁሉ «ብዙ ምክንያት» ነው፤ አንዱም ግን ምሥጢር አይደለም። ከነዚህ ውስጥ በበሽተኛው ጠባይ ላይ የሚለጠፍ የቱ ነው?

የማህፀን በር ካንሰር ጉዳይ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ሃራልድ ሱር ሃውዘን ሃይደልበርግ ሆኖ በ1983 እና በ1984 የሰው ፓፒሎማ ቫይረስ 16ን እና 18ን ካንሰሩ ውስጥ አገኘ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ክትባት ወልዷል። ግን ምንጩ እስከዚያ ድረስ በውል ያልታወቀ የሴቶች በሽታ በአንድ ጊዜ «በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ» ሆነ። ሶንታግ እንዳለችው ቢሆን ኖሮ ዘይቤው እዚህ ላይ መርገፍ ነበረበት። የሆነው ግን ጥያቄ መወለዱ ነው፤ «ከማን አመጣሽው?» የግኝቱ ግማሽ ብቻ ሲነገር የሚሆነው ይኼ ነው። ሌላው ግማሽ እንዲህ ይላል፦ ቫይረሱ አብዛኛውን ሰው አንድ ቀን ይነካዋል፤ ከአሥር ዘጠኙን ያህል ሰውነት ራሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ያጸዳዋል፤ ኤችአይቪ በደሟ ያለ ሴት ግን ለካንሰሩ ያላት ተጋላጭነት ስድስት እጥፍ ነው። በ2008 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ግማሹ ለሱር ሃውዘን፣ ግማሹ ኤችአይቪን ላገኙት ለባሬ-ሲኑሲና ለሞንታኝዬ የተሰጠው በአጋጣሚ ቢሆንም፣ ሁለቱ ግኝቶች አንዲት ሴት አካል ውስጥ ይገናኛሉ።

ከዚህ ጋር የወፍ በሽታን አስተያዩ። ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋ፣ በወሊድ ይተላለፋል፤ ሲቆይ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ማለትም መንገዱ የኤችአይቪ መንገድ ነው። ሕዝባችን ግን የዓይን ቢጫ መሆንን የሌሊት ወፍ ላይ አላከከና ነውሩን ከሰው ላይ አነሳው። የተሳሳተ ዘይቤ ነው፣ ሰውንም ሐኪም ቤት ሳይሄድ ያስቀራል፤ ሆኖም በሽተኛውን አያዋርድም። ሶንታግ ዘይቤን ሁሉ በአንድ ቅርጫት ስትጥል ይህን ዓይነቱን አላሰበችበትም።

ባንድ ነገር ግን ከሷ ጋር ነኝ፤ የጦርነቱን ቋንቋ በመጥላቷ። እኛ ጋ እንዲያውም ይብሳል። በሽታ የመከላከል አቅም ስንልና መከላከያ ሠራዊት ስንል ቃሉ አንድ ነው። ትምህርት ቤት ነጭ የደም ሴል «ወታደር» ነው ተብለን አደግን። በዚህ ሥዕል ኩላሊት የተተከለለትን ሰው እንዴት እንግለጸው? ሠራዊቱን በትእዛዝ ትጥቅ ያስፈታው ሐኪሙ ራሱ ነው፤ እንግዳው ኩላሊት እንዲኖር። የጸረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ጀምሮ አቅሙ ሲመለስ የካፖሲ ቁስሉ ለጥቂት ጊዜ የሚብስበት ሰውስ አለ አይደል? ድል ነው ሽንፈት?

ስለ አጻጻፏም አንድ ነገር ልበል። ዓረፍተ ነገሮቿ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ናቸው፤ ያምራሉ፣ አያመነቱም። ግን ሁለቱንም ድርሰት ጨርሶ አንድ ሙሉ በሽተኛ ያየ አንባቢ የለም። የበርኪት አሰልቺ የሚመስል የሆስፒታል ዝርዝር በዚህ ይበልጣታል፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ልጅ ነበር።

በኢትዮጵያ የማህፀን በር ካንሰር ክትባት በታኅሣሥ 2018 ሲጀመር የተሰጠው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር። ወላጅ «ልጄ ገና ሕፃን ናት፣ ምን አድርጋ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ ግማሹ ታሪክ ነው የደረሰው። የጤና ባለሙያዋ መልስ ለመስጠት ሶንታግ እንደምትመኘው ዘይቤውን ብታራግፍ አይበቃትም። ቫይረሱ ሁሉን እንደሚያገኝ፣ ጥቂቱን ብቻ እንደሚጎዳ፣ ማን ከጥቂቶቹ እንደሚሆን ደግሞ ማንም አስቀድሞ እንደማያውቅ መናገር አለባት፤ ያውም ከበር ላይ ቆማ፣ ሌላ ሰላሳ ቤት እየጠበቃት።