አፉ የጠፋ ደም ቅዳ

የልብ አንጂዮግራፊ (የልብ ደም ቅዳዎችን በኤክስሬይ የማየት ምርመራ) የሚሠራ ሐኪም በግራው የልብ ደም ቅዳ አፍ ላይ ቀጭኑን ቱቦ፣ ካቴተሩን፣ አስቀምጦ በኤክስሬይ የሚታየውን ፈሳሽ፣ ኮንትራስት፣ ሲረጭ ሁለት ቅርንጫፎችን ይጠብቃል፤ አንዱ በልብ ፊት የሚወርድ፣ ሌላው በግራ ጎን ዞሮ ወደ ኋላ የሚሄድ። አንዳንድ ቀን ዟሪው የለም። ያን ጊዜ ቶሎ የሚመጣው ቃል «ተዘግቷል» ነው። ጎበዝ ባለሙያ የሚታወቀው ይህን ቃል ለመናገር ባለመቸኮሉ ነው።

የተዘጋ ደም ቅዳ ዱካ አለው። ብዙውን ጊዜ በቀጫጭን ቧንቧዎች ከጎረቤቶቹ ደም ተበድሮ፣ ዘግይቶም ቢሆን ጭራው ይታያል፤ አለዚያም የሚመግበው የልብ ግድግዳ ተዳክሞ ይገኛል። ግድግዳው ደህና እየተኮማተረ፣ ጭራም ሳይታይ፣ የግራው ግንድ ደግሞ ከወትሮው ረዝሞ ከተገኘ፣ ዟሪው ከሌላ ቦታ ተነሥቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ፍለጋው ወደ ቀኙ ደም ቅዳ ይዞራል። እዚያም ቢሆን ካቴተሩ ጠልቆ ከገባ፣ ከቀኙ አፍ አጠገብ የሚነሣውን ዟሪ አልፎት ይሄዳል። ሳብ አድርጎ ጥቂት ኮንትራስት መርጨት ብዙ ጊዜ እንቆቅልሹን ይፈታዋል።

በልብ ደም ቅዳ ውስጥ ኮንትራስት የመርጨት ዘዴ ራሱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በክሊቭላንድ ክሊኒክ ዶክተር ሜሰን ሶንስ ከልብ የሚነሣውን ትልቁን ደም ቅዳ፣ አኦርታን፣ በምስል ሊያነሣ ሲዘጋጅ ካቴተሩ ወደ ቀኙ የልብ ደም ቅዳ ሾልኮ ገባ፤ ኮንትራስቱም እዚያው ተረጨ። የታማሚው ልብ ለአፍታ ቆመ፤ እንዲያስል ሲነገረው ተመለሰ። በዚያው ተቋም የተሠራና በ1990 የታተመ ጥናት አንጂዮግራፊ ከተደረገላቸው 126,595 ሰዎች መካከል በ1,686ቱ ላይ ያልተለመደ የልብ ደም ቅዳ አፈጣጠር አግኝቷል፤ 1.3 በመቶ መሆኑ ነው።

ከቀኝ ተነሥቶ በአኦርታ ጀርባ የሚዞረው ደም ቅዳ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱን አይጎዳም። ሆኖም ያ ሰው አንድ ቀን የልብ ቫልቭ ቢቀየርለት፣ ስፌቱ ወይም የአዲሱ ቫልቭ ቀለበት ደም ቅዳውን ሊጫነው ይችላል። «ጉዳት የለውም» ብሎ ከሪፖርቱ ማስቀረት ስንፍና ነው።

የሚያስፈራው የግራው ግንድ ከቀኝ ተነሥቶ በአኦርታና በሳንባ ደም ቅዳ መካከል ሲያልፍ ነው። አፉ ስንጥቅ መስሎ ይጠብባል፣ አነሣሱ ሹል ማዕዘን ይሠራል፣ አንዳንዴም በአኦርታው ግድግዳ ውስጥ ጥቂት ይጓዛል። በእረፍት ጊዜ የሚበቃው ደም በብርቱ ሩጫ ላይ ያጥራል። ጠፍጣፋው የኤክስሬይ ምስል ከፊት ይለፍ ከኋላ በቀላሉ አይለይም፤ ሲቲ ስካን ግን መንገዱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ካቴተር እየቀያየሩ የታማሚውን ኩላሊት በኮንትራስት ከማድከም፣ ማቆምን ማወቅም ከሙያው ይቆጠራል።

ያልተለመደ ደም ቅዳ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል። አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ኮከብ ፒት ማራቪች በኤንቢኤ 10 የውድድር ዘመናት ተጫውቷል። በ1988 በ40 ዓመቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለመዝናናት ሲጫወት ወድቆ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር የግራ የልብ ደም ቅዳ ጨርሶ አልነበረውም። ያን ሁሉ ዓመት የሮጠው በቀኙ ብቻ ነበር።

በ2000 የታተመ የአሜሪካና የጣሊያን ጥናት ከተሳሳተ ወገን በተነሣ ደም ቅዳ ምክንያት በድንገት የሞቱ 27 ወጣት ስፖርተኞችን መርምሯል፤ በ23ቱ የግራው ግንድ ከቀኝ የተነሣ ነበር። ከመሞታቸው በፊት የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) የተነሡት 9ኙም፣ እየሮጡ የተመረመሩት 6ቱም ውጤታቸው ደህና ነበር። ከ27ቱ 10ሩ ግን አስቀድሞ ምልክት ታይቶባቸዋል።

እናም ልጅዎ ወይም ተማሪዎ እየሮጠ ሳለ ራሱን ስቶ ከወደቀ፣ ወይም ደረቱን ከያዘው፣ «ፀሐይ መትቶት ነው» ብለው አይለፉት። ኢሲጂው ደህና ነው ቢባሉም የልብ ሐኪም ጋ ይውሰዱትና የሁለቱ ደም ቅዳዎች አነሣስ በልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ወይም በሲቲ ስካን ይታይለት ዘንድ ይጠይቁ።